በኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና ላይ ሳሉ መጠጥና የአእምሮ ጤና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሄሮይን፣ ከሞርፊን፣ ከትራማዶል ወይም ከሌላ ኦፒዮይድ ለመላቀቅ ሕክምና የጀመረ ሰው ስለ መድኃኒቱ ብዙ ይጠይቃል። ስለ መጠጥና ስለ ድብርት የሚጠይቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀጠሮው ካለቀ በኋላ፣ የበሩን እጀታ ይዞ ነው። እዚህ ያሰባሰብነው እነዚያን ጥያቄዎች ነው። መልሶቹ ሐኪም አይተኩም። ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ግን ምን ማንሳት እንዳለባችሁ ይጠቁማሉ።

ሜታዶን እየወሰድኩ አንድ ሁለት ብል ምን ችግር አለው?

አለው። ለሱሱ ሕክምና የሚሰጠው ሜታዶን ራሱ ኦፒዮይድ ነው። ኦፒዮይድ ደግሞ በአንጎል ግንድ ላይ ያለውን፣ ሳናስበው እንድንተነፍስ የሚያደርገንን ክፍል ያደክመዋል። አልኮል በሌላ በኩል ይመጣና ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ያበረታዋል። ለየብቻቸው ምንም ያላደረጓችሁ ሁለት መጠኖች አንድ ላይ ሲገናኙ ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ።

"ጠዋት ወስጄ ማታ ብጠጣስ?" የሚል አይጠፋም። ሜታዶን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ግማሹ እስኪወጣ ብቻ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያም በላይ የሚቆይባቸው ሰዎች አሉ። ማታ ስትጠጡ የጠዋቱ ሜታዶን ገና ውስጣችሁ ነው። የትናንቱም ቅሪት አለ። በተለይ የሕክምናው የመጀመሪያ ሳምንታት ያሰጋሉ። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ፣ መጠኑም እየተስተካከለ ያለበት ጊዜ ነውና።

ቡፕረኖርፊን ከሜታዶን ይሻላል ይባላል። ከእሱ ጋርስ?

ቡፕረኖርፊን ለዚሁ ሱስ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ነው፤ ለብቻው ሲወሰድ በትንፋሽ ላይ የሚያደርሰው ጫና ጣሪያ አለው። መጠኑን ቢጨምሩትም ከተወሰነ ደረጃ በላይ ትንፋሽን አያዘገይም። ጣሪያው የሚሠራው ግን ለራሱ ለቡፕረኖርፊን ብቻ ነው። አልኮል ወይም እንደ ዲያዚፓም ያለ ማስታገሻ ሲጨመርበት ያ መከላከያ ይፈርሳል። በቡፕረኖርፊን የሞቱ ሰዎች ታሪክ ሲታይ ከጎኑ ሌላ የሚያደነዝዝ ነገር የሚገኘው በአመዛኙ ለዚህ ነው።

ኦፒዮይዱን ካቆምኩ ወዲህ መጠጡ ጨመረብኝ። ለምን?

ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይሄ ነው። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። ብዙዎቹ ድሮም ይጠጡ የነበሩ ናቸው፤ ዋናው ሱስ ጋብ ሲል መጠጡ ጎልቶ ታየ እንጂ አዲስ አልመጣም። በእውነትም የሚጨምርባቸው ግን አሉ።

አንድ ነገር ሞክሩ። ለአንድ ሳምንት የመጀመሪያውን መጠጥ የቀመሳችሁበትን ሰዓት ጻፉ። የጠጣችሁትን መጠን አይደለም፣ ሰዓቱን። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ከሆነና ከዚያ በፊት ማዛጋት፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የቆዳ መኮማተር ካለ፣ የጠዋቱ ሜታዶን እስከ ማታ አልደረሰላችሁም ማለት ሊሆን ይችላል። ሐራራውን በመጠጥ እየሸፈናችሁ ነው። መፍትሔው ምክር ሳይሆን የመድኃኒት መጠን ማስተካከል ነው። የምትጀምሩት ሰው የበዛበት ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት ከሆነ ከበስተጀርባው ጭንቀት ሊኖር ይችላል። መኝታ ሰዓት ላይ ከሆነ የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። ሥራ በሌለበት ቀን ብቻ ከሆነ ደግሞ ባዶ ጊዜው ነው ያስቸገራችሁ። ሱስ ቀኑን ሙሉ የሚያሯሩጥ ሥራ ነበር። እሱ ሲቀር ሰዓቱ አይገፋም።

ሐኪም ፊት "እጠጣለሁ" ከማለት ይህንን ወረቀት ማሳየት እጅግ ይበልጣል።

ለክሊኒኩ ብናገር ያባርሩኛል?

ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ጠጥቶ ተገኘ ተብሎ ከሕክምና የተሰናበተ ሰው አለ። እኛ በግልጽ የምንለው አሠራሩ ስህተት መሆኑን ነው። በሜታዶን ወይም በቡፕረኖርፊን ሕክምና ላይ መቆየት የመሞት አደጋን በግማሽና ከዚያም በላይ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከሕክምና የወጡባቸው የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ደግሞ ከሁሉም አደገኛ ናቸው። ስለሚጠጣ አስጊ ነው የተባለን ሰው ወደዚያ መግፋት ምን ይባላል? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንኳ በ2017 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ማስታገሻና የሚያደነዝዙ ነገሮች ስለሚወስዱ ብቻ ሰዎችን ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን መከልከል ተገቢ አይደለም፤ ሕክምናው በጥንቃቄ ይቀጥል ብሏል።

ታዲያ ብትናገሩ ምን ይሆናል? መድኃኒት የምትቀበሉበት መስኮት ላይ ነርሷ ትንፋሻችሁን በመለኪያ ልታይ ትችላለች። ስካር ካለ የዕለቱ ዶዝ ለጥቂት ሰዓት ይዘገያል ወይም ይቀነሳል። አንዳንዴ "ከሰዓት ተመለሱ" ትላለች። ለቤት የሚሰጣችሁ መድኃኒት ሊያንስ ይችላል። ያናድዳል፣ እናውቃለን። ግን ቅጣት አይደለም። ሰክሮ የመጣን ሰው ሙሉ ሜታዶን አጠጥቶ ወደ ቤት መላክ ነው ጥፋቱ።

ደግሞ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? መጠጡን የማያውቅ ሐኪም የሜታዶኑን መጠን የሚጨምረው ምንም እንደማትጠጡ ቆጥሮ ነው።

ብዙ የሚባለው ስንት ነው?

ኦፒዮይድ ለማይወስድ ሰው የተጻፈ የመጠጥ ልክ ለእናንተ አይሠራም። በሕክምና ላይ እያሉ "ይህን ያህል ምንም አይልም" የሚባል መጠን የለም። መጠጡ ራሱን የቻለ ችግር መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የተባለ አሥር ጥያቄ ያለው መመዘኛ አለ። ከጠቅላላው 40 ነጥቦች ውስጥ 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ጎጂ ወደመሆን እየሄደ ነው ተብሎ ይታያል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ክሊኒካችሁ ካልጠየቃችሁ እናንተ ጠይቁ።

መጠጡን ከዛሬ ጀምሮ በራሴ ባቆመውስ?

አልፎ አልፎ የምትጠጡ ከሆነ አቁሙት። በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ከሆነ ግን በራሳችሁ በአንድ ጊዜ አታቋርጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኦፒዮይድ ሐራራ መከራ ነው፤ ሰው "ሞትኩ" እያለ ያልፈዋል፣ በራሱ የሚገድለው ግን ከስንት አንዱን ነው። የአልኮሉ ግን ሊገድል ይችላል።

ሂደቱ እንዲህ ነው። የመጨረሻውን መጠጥ ከወሰዳችሁ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው መቃዠት ይጀምራል፤ የሌለ ነገር ያያል፣ ቦታና ጊዜ ይጠፋበታል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ይህ ሲሆን ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከዚህ በፊት አንዴ የተንፈራገጠ ሰው ከሆነ ከመነሻውም ሆስፒታል ተኝቶ ያቁም።

ሐኪም ሲከታተለው ይህ ሁሉ በመድኃኒት ይለዝባል። ቫይታሚን ቢ አንድም ይሰጣል። ለብዙ ጊዜ የጠጣ ሰው አካሉ ውስጥ ይህ ቫይታሚን ሊሟጠጥ ይችላል፤ ካልተተካ የማስታወስ ችሎታን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

ሌላም አለ። ጠዋት ጠዋት እየተንቀጠቀጡና እያላባቸው መጥተው "ሜታዶኑ አነሰኝ" የሚሉ ሰዎች ያጋጥማሉ። አንዳንዴ ያነሰው ሜታዶን ሳይሆን አልኮሉ ነው። መለያው ቀላል ነው ባይባልም ፍንጭ አለው። የዓይን ብሌን መስፋት፣ ማዛጋት፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የአጥንት ቁርጥማት ወደ ኦፒዮይዱ ይጠቁማሉ። የተዘረጋ እጅ ጣቶቹ ሲርገፈገፉ ወደ አልኮሉ። ማታ የጠጣችሁትን ካልተናገራችሁ ማንም ሊለየው አይችልም።

ለመጠጥ የሚሆን መድኃኒት አለ?

አለ፤ ግን አንዱ ወጥመድ አለው። ናልትሬክሶን የመጠጥ አምሮትን የሚቀንስ የታወቀ መድኃኒት ነው። ኦፒዮይድ አንጎል ውስጥ የሚሠራባቸውን ቦታዎች (ተቀባዮች) የሚዘጋውም እሱ ነው። ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን እየወሰደ ያለ ሰው ናልትሬክሶን ቢውጥ በደቂቃዎች ውስጥ ከባድ ሐራራ ውስጥ ይገባል። ለመጠጥ ብሎ ያዘዘላችሁ ሌላ ሐኪም ሜታዶን እንደምትወስዱ ላያውቅ ይችላል። ኦፒዮይድን ሙሉ በሙሉ ላቆመና ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ምንም ላልወሰደ ሰው ግን ሁለቱንም ሱሶች ለማከም የሚያግዝ ጥሩ ምርጫ ነው። በወር አንዴ የሚወጋ ዓይነትም አለው።

ሜታዶን ላይ ላለ ሰው የሚቀለው አካምፕሮሴት ነው። የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ጉበት ላይ አይጫንም፤ ከሜታዶንም ጋር አይጋጭም። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ይጠንቀቅ። ዲሰልፊራም ደግሞ ከጠጡበት ፊት ያቀላል፣ ያስመልሳል፣ ልብ ያስመታል። አንዳንድ የሜታዶን ፈሳሾች ውስጥ ጥቂት አልኮል ስላለ፣ ከመጀመሩ በፊት ፋርማሲስቱን ጠይቁት።

ድብርቱ ከሱሱ የመጣ ነው ወይስ ድሮም ነበረብኝ?

ብዙ ጊዜ መልሱ "ሁለቱም" ነው። ኦፒዮይድም አልኮልም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ስሜትን ይጥላሉ። ሕክምና ሲጀመርና ኑሮ ትንሽ ሲረጋጋ የብዙ ሰው ድብርት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀልላል። ስለዚህ ሐኪሞች ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ጠብቀው ዳግም መመዘን ይወዳሉ።

አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁ። ምንም ያልወሰዳችሁበት፣ ምንም ያልጠጣችሁበት ረዘም ያለ ጊዜ በሕይወታችሁ ነበር? ልጅነትም ይሁን። ያኔስ እንዲህ ያደርጋችሁ ነበር? "አዎ" ከሆነ፣ ወይም በቤተሰብ ውስጥ ድብርት ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ካለ፣ ወይም ሱሱ የጀመረው ከአንድ ከባድ አደጋ ወይም ጥቃት በኋላ ከሆነ፣ መጠበቁ ትርጉም የለውም። በተለይ ያ አደጋ በእንቅልፍ ላይ እየተመላለሰ የሚያባንናችሁ ከሆነ ንገሩ። ኦፒዮይድ ሕመምን ብቻ ሳይሆን ትዝታንም ያደነዝዛል፤ እሱ ሲቀነስ ትዝታው ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚያገረሽበት እዚህ ጋ ነው፤ ደካማ ስለሆነ አይደለም።

"መጀመሪያ ሱሱን ጨርስ፣ ስለ ድብርቱ ከዚያ በኋላ እናያለን" ተባልኩ። ልክ ነው?

አይደለም። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ "ሱስህን አቁመህ ና" ይላል፤ የሱስ ክሊኒኩ "እሱ የእኛ ሥራ አይደለም" ይላል። ሰውየው መሃል ላይ ይቀራል፤ መሃል ላይ ያለው ደግሞ መጠጥ ቤቱ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚታከሙት፤ ቢቻል በአንድ ቦታ፣ ካልተቻለ ሁለቱ ሐኪሞች እየተነጋገሩ። እንዲነጋገሩ በጽሑፍ ፈቃድ ስጡ። ያለ እናንተ ፈቃድ መረጃችሁን ላይለዋወጡ ይችላሉ።

የድብርት መድኃኒት ከሜታዶን ጋር ይሄዳል?

አብዛኛው ይሄዳል፤ ሐኪሙ ሁለቱንም ካወቀ። ሜታዶን በልብ ምት ላይ የኤሌክትሪክ መዛባት ሊያመጣ ይችላል። ሲታሎፕራምና ኤስሲታሎፕራምም ያንኑ ያደርጋሉ። ሁለቱ ሲገናኙ የልብ ምርመራ፣ ማለትም ኢሲጂ፣ ይነሣል። ፍሉቮክሳሚን የሜታዶንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ካርባማዜፒን ደግሞ በተቃራኒው ያወርደውና ሐራራ ያመጣል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንም እንዲሁ ነው። ሰርትራሊን በብዛት የሚመረጠው እንዲህ ያለው ጣጣ ስለሚያንሰው ነው። የድብርት መድኃኒት የሚሠራው በቀናት ሳይሆን በሳምንታት መሆኑንም አትርሱ። ማታ ማታ እየጠጡ "መድኃኒቱ አልሠራልኝም" ማለት ደግሞ በመድኃኒቱ ላይ መፍረድ ነው።

ለጭንቀቴ ጓደኛዬ ዲያዚፓም ሰጠኝ። ልውሰደው?

አይ። ዲያዚፓም፣ አልፕራዞላምና ዘመዶቻቸው ከኦፒዮይድ ጋር ሲወሰዱ የሚያመጡትን አደጋ በሚመለከት የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 በጣም ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቶቹ ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። አልኮል ሲጨመር ሦስት ይሆናሉ። ለወራት ስትወስዱት የቆያችሁ ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ አትጣሉት። እሱም እንደ አልኮሉ ያንፈራግጣል። ቀስ በቀስ በሐኪም ይቀነሳል።

ማታ ካልጠጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ይወስዳችኋል፤ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ከዚያ ሁለተኛውን የሌሊቱን ክፍል ይበጣጥሰዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይናችሁ የሚፈጠው ለዚህ ነው። ሜታዶን ደግሞ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የመቆራረጥ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል መጠጡ ያባብሰዋል። አብሯችሁ የሚተኛ ሰው "ስትተኛ ትንፋሽህ ይቆማል" ካላችሁ እንደ ቀልድ አትለፉት።

ጠጥቶ መድኃኒቱን ወሰደና ተኝቷል፤ እያንኮራፋ ነው። ልተወው?

አትተዉት። "ይተኛ፣ ይለቀዋል" ተብሎ ስንቱ ጠዋት ሞቶ ተገኝቷል። ማንኮራፋቱን ልብ ብላችሁ ስሙ። ተራ ማንኮራፋት ወጥ ነው። ይሄኛው ግን ጉሮሮ ውስጥ ውኃ የታቆረ ይመስል ይንኮሮኮራል፣ ይቆማል፣ ከዚያ አንዴ ይጎተታል። ደረቱን እያያችሁ ቁጠሩ። በትንፋሽና በትንፋሽ መካከል ረጅም ዝምታ ካለ፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ የዓይን ብሌኑ እንደ ነጥብ ካነሰ፣ ትከሻውን ስትነቀንቁት ወይም የደረቱን አጥንት በጣታችሁ መገጣጠሚያ ስታሹት ካልነቃ፣ ጊዜ የለም።

ወደ ድንገተኛ አደጋ ደውሉ። ናሎክሶን (ኦፒዮይድ ያቆመውን ትንፋሽ የሚመልስ መድኃኒት) ካለ ስጡት። ካልተነፈሰ በአፉ ትንፋሽ ስጡት። ከተነፈሰ በጎኑ አስተኙት፤ በጀርባው የተኛ ሰው ሲያስመልሰው ይታፈናል። ናሎክሶን የሚመልሰው ኦፒዮይዱን ብቻ ነው፤ አልኮሉ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ትንፋሹ ተመልሶም እንደሰከረ ሊቀር ይችላል። ደግሞ የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ሲሆን ሜታዶን ከዚያ ብዙ ሰዓት ይረዝማል። "ነቃ" ብላችሁ ብቻውን ጥላችሁት አትሂዱ።

ናሎክሶን ቤት ውስጥ የት እንዳለ ማወቅ ያለበት አብሮ የሚኖረው ሰው ነው። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ለራሱ አይወጋም።

ራሴን የማጥፋት ሐሳብ ይመጣብኛል።

ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለሐኪማችሁ፣ ለነርስ፣ ለእህት ወይም ለጓደኛ። ሐሳቡ ዕቅድ ካለው፣ ማለትም "በምን፣ መቼ" የሚለውን ደርሶ ከሆነ፣ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ብቻችሁን አትሂዱ። ቤት ያለውን ሜታዶንና ክኒን ሌላ ሰው ይያዘው። እስከዚያው አትጠጡ። ስካር ከሐሳብ ወደ ድርጊት ያለውን መንገድ ያሳጥረዋል። በድብርት ብቻ የማያደርገውን ነገር ሰው ሰክሮ ያደርገዋል።

ቤተሰብ ደግሞ "ብጠይቀው አስታውሰዋለሁ" ብሎ አይፍራ። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም።

ሄፓታይተስ ሲ አለብኝ። መጠጡ ምን ያህል ይጎዳኛል?

በጣም። መርፌ ይጠቀሙ በነበሩ ሰዎች ላይ ይህ የጉበት ቫይረስ የተለመደ ነው። አልኮል ደግሞ ጉበቱ ቶሎ ወደ ጠባሳነት እንዲሄድ ያፋጥነዋል። ደስ የሚለው ዜና፣ አዲሶቹ ክኒኖች ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ከ95 በመቶ በላይ ታካሚዎችን ያድናሉ። ሜታዶን መውሰድ አይከለክልም። መጠጣትም ቢሆን ሕክምናውን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም።

እርጉዝ ነኝ። ሁለቱንም ላቁም?

መጠጡን አዎ፤ በየቀኑ የምትጠጪ ከነበርሽ ግን በሐኪም ክትትል። ሜታዶኑን ወይም ቡፕረኖርፊኑን አታቋርጪ። በእርግዝና ጊዜ የሚመከረው ሕክምናው መቀጠሉ ነው። ድንገት ማቋረጥ ለፅንሱም ለአንቺም ይከፋል።

የድጋፍ ቡድኑ "ሜታዶን የሚወስድ ሰው ገና አልተላቀቀም" አለኝ።

ሌላ ቡድን ፈልጉ። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ከ2005 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። መጠጥ ለማቆም የሚያግዛችሁ ቡድን መድኃኒታችሁን ካስጣላችሁ አልጠቀማችሁም።

አልኮል የሌለው ቢራስ?

"ዜሮ" የሚባሉት አንዳንዶቹ እስከ 0.5 በመቶ አልኮል አላቸው። ይህ መጠን ከሜታዶን ጋር ተደምሮ ትንፋሽ አያቆምም። ችግሩ ሽታውና ጣዕሙ የድሮውን አምሮት ሊቀሰቅሰው መቻሉ ነው። አንዳንዱን ያግዘዋል፣ አንዳንዱን በሦስተኛው ቀን ወደ እውነተኛው ይመልሰዋል። ዲሰልፊራም የምትወስዱ ከሆነ ግን እሱም ይቅር፤ አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫና የሳል ሽሮፕም እንዲሁ።